ነፍሰ ጡር ሲያተኩሳት፦ ድሬዳዋ ላይ ወባን ሳያመልጥ መመርመር

ትኩሳት ይዟት የመጣች ነፍሰ ጡር አንድ ጊዜ ጣቷን ተወግታ «ወባ የለብሽም» ተብላ ወደ ቤቷ ስትሸኝ፣ ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ይህ መመሪያ በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል ለምትሠሩ አዋላጆችና ነርሶች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ለምትቀመጡ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችም ነው። ሁለቱ ክፍሎች ካልተነጋገሩ ምርመራው ጎደሎ ስለሚሆን ለየብቻ አልጻፍነውም።

ነፍሰ ጡርን ከሌላው ታማሚ የሚለያት የእንግዴ ልጁ ነው። ፋልሲፓረም (ከባዱን ወባ የሚያመጣው ፓራሳይት) የገባበት ቀይ የደም ሴል ቫርቱሲኤስኤ የሚባል ፕሮቲን ላዩ ላይ ያወጣል። ይህ ፕሮቲን የእንግዴ ልጁን ግድግዳ ከሸፈነው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ፓራሳይቱ እንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ ከጣት የሚወሰደው ደም ላይ በጣም ጥቂት ሊሆን፣ ጭራሽም ላይታይ ይችላል። እናቲቱ ደሟ እየወረደ፣ ፅንሱ እየቀጨጨ፣ ስላይዱ (ደሟ የተቀባበት የማይክሮስኮፕ መስታወት) ግን ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ወባ በበዛባቸው ቆላማ አገሮች በመጀመሪያ እርግዝና ላይ ያሉት ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በተከታታይ እርግዝና ሰውነት መከላከያውን እየለመደ ይሄዳል። ድሬዳዋን በመሰለ ሥርጭቱ ከፍ ዝቅ በሚል ከተማ ግን አራተኛ ልጇን ያረገዘችውም የረባ መከላከያ ላይኖራት ስለሚችል፣ «ብዙ ወልዳለች፣ ትችለዋለች» ብላችሁ አትዘናጉ።

ወቅቱንና ሰፈሩን እርሱት

የቆየው ልማድ ወባን ከዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጠበቅ ነው። ይህ ልማድ ድሬዳዋ ላይ አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ነው። በ2014 ዓ.ም. የበጋ ወራት ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ዝናብ ሳይኖር ወረርሽኝ ተነሣ፤ ጥናቶችም ከዚህችው ትንኝ ጋር አያያዙት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም። ክዳኑ የተከፈተ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ መያዣ ገንዳ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ውሃ ያጠራቅማል፤ በየግቢው በርሜል አለ። ስለዚህ ቀዚራ ብትኖር፣ ሳቢያን ወይም ጎሮ፣ ከከተማ አለመውጣቷ ወባን አያስቀርላትም።

ሐረር በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ ያለ ባለሙያ የጉዞ ታሪክን በደንብ መጠየቅ አለበት፦ ባለፈው አንድ ወር ደንገጎን ወርዳ ድሬ አድራለች? ኤረር፣ ባቢሌ ወይም ሌላ ቆላ ሄዳለች? አልሄድኩም ማለቷ ግን ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ከመውጋት በፊት የሚጠየቀው

«ወባ አለብሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚረባ መልስ አያመጣም። «እህቴ፣ ባለፉት ሁለት ቀናት ሰውነትሽ ግሎ ያውቃል? ብርድ ብርድ ብሎሽ፣ አንቀጥቅጦሽ፣ ከዚያ አልቦሽ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎች ወባን «ምች ነው» ብለው ያልፉታል። ከኦሮምኛ ተናጋሪዋ ጋር «ቡሳ»፣ ከሶማሊኛ ተናጋሪዋ ጋር «ዱሞ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። በባሏ ወይም በአማቷ በኩል የሚተረጎም መልስ ብዙ ጊዜ አጥሮ ስለሚደርስ፣ ቢቻል በቀጥታ ቋንቋዋን የሚናገር ባልደረባ ጥሩ።

ሁለት ጥያቄዎች ፈጽሞ አይዘለሉ። አንደኛው፦ «ከቤት የቀረ የወባ ኪኒን ውጠሻል?» ከጎረቤት የተገኘ ግማሽ ኮአርተም ፓራሳይቱን ሳያጠፋ ቁጥሩን ከማይክሮስኮፕ በታች ያወርደዋል፤ ስላይዱ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ በሽታው ግን እዚያው አለ። ሁለተኛው፦ «ባለፉት ሁለት ወራት ለወባ ታክመሽ ነበር?» የዚህን ጥቅም አርዲቲው (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ኪት) ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የብብት ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ባለፉት 48 ሰዓታት ትኩሳት እንደነበራት ከነገረቻችሁ መርምሩ። አሁን ስትለኩ ሙቀቷ ልክ መሆኑ አያሳስታችሁ፤ የወባ ትኩሳት ይመጣል ይሄዳል። ትኩሳት ሳይኖርም መመርመር ያለባት ሴት አለች፦ የዓይኗ ውስጠኛ ቆብና መዳፏ የነጣ፣ ሄሞግሎቢኗ ከ11 ግራም በታች የወረደ፣ ብረት እየወሰደች ያልተሻላት፣ ወይም ማሕፀኗ ከእርግዝናዋ ሳምንት ያነሰ። ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የወገብ ቁርጥማት የእርግዝናም የወባም ምልክቶች ስለሆኑ «እርግዝናው ነው» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ አንድ ጠብታ ደም ይሻላል።

አርዲቲ

አርዲቲ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የድሬ ሙቀት ጠላቱ ነው። አብዛኛው ካርቶን ላይ የተጻፈው የማከማቻ ሙቀት እስከ 30፣ አንዳንዱ እስከ 40 ዲግሪ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሚገኝ መደርደሪያ፣ ወይም ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ የወጣ ኪት ጊዜው ባያልፍም ሊዳከም ይችላል። ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ጥላና ንፋስ ባለበት አስቀምጡ፤ አጠገቡም ቴርሞሜትር ስቀሉ። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ከረጢቱን ሳትከፍቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ፤ አለዚያ ያልበዋል። ከረጢቱን ስትከፍቱ እርጥበት መምጠጫዋን ትንሽ ከረጢት እዩ፤ ቀለሟ ከተለወጠ ያንን ኪት ጣሉት። የከፈታችሁትንም ወዲያው ተጠቀሙበት።

የግራ እጇን የቀለበት ጣት በአልኮል አጽዱና ይድረቅ። በእርጥብ አልኮል ላይ ከተወጋች ደሙ ይቀጥናል፣ ቁስሉም ያቃጥላታል። ከጣቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ጎን ውጉ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጥጥ ጥረጉ፣ ከሁለተኛው 5 ማይክሮ ሊትር በኪቱ መቅጃ ውሰዱና በትንሿ ጉድጓድ አድርጉ። በፈሩን (ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ፈሳሽ) በራሪ ወረቀቱ ባዘዘው ጠብታ ልክ፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ ጨምሩ። የአንዱን ፋብሪካ በፈር ለሌላው ኪት መጠቀም፣ በፈር ሲያልቅ ውሃ ወይም ሳላይን መተካት የሐሰት መስመር ያመጣል።

ብዙዎቹ ኪቶች ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይነበባሉ። ሰዓቱን የኪቱ ፕላስቲክ ካሴት ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ «አሁን ነው ያደረግሁት» የሚለው ግምት ሰልፉ ሲበዛ አይታመንም። ከ30 ደቂቃ በኋላ የወጣ መስመር ውጤት አይደለም። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልወጣች ምርመራው እንዳልተደረገ ቁጠሩትና በአዲስ ኪት ድገሙ። የምርመራዋ መስመር እንደ እርሳስ ጭረት ብትደበዝዝም ፖዘቲቭ ናት። ካሴቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ከሁለት ማዕዘን እዩት፤ በነፍሰ ጡር ላይ ፓራሳይቱ ጥቂት ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ይህችን ደብዛዛ መስመር ነው።

አርዲቲ የሚያሳስትባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ100 እስከ 200 ፓራሳይት ከሌለ ላያየው ይችላል፤ የእንግዴ ልጅ ወባ ደግሞ ከዚህ በታች መደበቅ ይወዳል። ሁለተኛ፣ ኤችአርፒቱ የሚባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን የሚፈልገው መስመር ከታከመች በኋላም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። «ታክመሽ ነበር?» ብለን የጠየቅነው ለዚህ ነው፤ መልሷ «አዎ» ከሆነ የሚፈርደው ብለድ ፊልም (ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ነው። ሦስተኛው በአገራችን የተረጋገጠና አሳሳቢ ነው፦ የኤችአርፒቱ ጂን የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች አሉ። በእነዚህ ዝርያዎች የታመመች ሴት በኤችአርፒቱ ኪት ኔጌቲቭ ትሆናለች፤ ኪቱ ደህና ነው፣ አሠራራችሁም ልክ ነው፣ ውጤቱ ግን ስህተት ነው። ካርቶኑ ላይ ኪቱ የሚፈልገው ኤችአርፒቱን ነው ወይስ ፒኤልዲኤች የሚባለውን ሌላ የፓራሳይት ፕሮቲን የሚለውን አንብቡ። የፋልሲፓረሟ መስመር ሳትወጣ የሁሉም ዝርያ መስመር ብቻ ከወጣች፣ ቫይቫክስ (ሌላው የወባ ዝርያ) ነው ብላችሁ ሳትደመድሙ ስላይድ ሥሩ።

ብለድ ፊልም

ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ማይክሮስኮፕ ባለበት ቦታ አርዲቲው ምንም ይበል ምን ስላይድ ይሠራ። ትኩሳቱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ በመጣችበት ሰዓት ይወሰድ።

በአንድ ስላይድ ላይ ሁለቱንም ቅብ ሥሩ፦ ለወፍራሙ 6 ማይክሮ ሊትር፣ ለስሱ 2 ማይክሮ ሊትር ያህል። ወፍራሙን በሌላ ስላይድ ጥግ 12 ሚሊሜትር ስፋት ወዳለው ክብ ዘርጉት። ከሥሩ ጋዜጣ ብታስቀምጡ ፊደሉ ደብዝዞ ቢታይ ልክ ነው፤ ጭራሽ ካልታየ ወፍሯል፣ ሲደርቅ ይላጣል። የነፍሰ ጡር ደም ብዙ ጊዜ የቀጠነ ስለሆነ ወፍራሙ ቅብ ሳይታወቅ ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ሄሞግሎቢኗ ከወረደ ክቡን ጠበብ አድርጉት። ስምና ቁጥሯን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በሜታኖል ይታጠባል።

ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ከዝንብና ከአቧራ ከልላችሁ አድርቁት። እዚህ ላይ ሙቀቱ ሌላ ችግር ያመጣል። በፀሐይ ላይ ወይም በሞቀ ክፍል ውስጥ የቆየ ወፍራም ቅብ ራሱን ይጠብሳል፤ ቀይ ሴሎቹ አይሟሙም፣ ቀለሙ ሲገባ ሁሉም ነገር ጠቁሮ ይቀራል። በዚያው ቀን ቀለም ካልገባ ውጤቱ ይበላሻል። ስሱን ቅብ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ሜታኖል አስነኩት፤ ሜታኖሉም ሆነ ትነቱ ወፍራሙን እንዳይነካው ስላይዱን ስሱ ቅብ ወደ ታች እንዲሆን ዘንበል አድርጉ።

ጊምሳው (የስላይድ ማቅለሚያው) 10 በመቶ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ቀለም ከ9 ሚሊ ሊትር ፒኤች 7.2 በፈር ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ ለአንድ ስላይድ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጊዜ ካላችሁ በ3 በመቶ 45 ደቂቃ ማቆየት የጠራ ምስል ይሰጣል። የድሬ የቧንቧ ውሃ ኖራው የበዛ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት። በዚህ ውሃ የተቀላቀለ ጊምሳ ሁሉን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ የፓራሳይቱ ቀይ ነጥብ ይጠፋል። የተቀላቀለ ቀለም ለከሰዓት አይቆይም፤ በየጊዜው አዲስ አዘጋጁ። ስታጥቡ ቀለሙን ከላይ በውሃ አንሳፍፋችሁ አስወግዱ፤ ስላይዱን ገልብጣችሁ ከደፋችሁት ከላይ የተንሳፈፈው ዝቃጭ ቅቡ ላይ ይቀራል፣ ልምድ ለሌለው ዓይንም ፓራሳይት ይመስለዋል።

በ100 ሌንስና በዘይት አንብቡ። ለሌላ ታማሚ 100 ሜዳ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ) አይቶ «የለም» ማለት ይቻላል። ለነፍሰ ጡር 200 እዩላት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ይገባታል። ፓራሳይት ባይኖርም በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ቡናማ ጥቁር የወባ ቀለም ካያችሁ ጻፉት፤ በቅርቡ የነበረ ወይም የተደበቀ ወባ ምልክት ሊሆን ይችላል። ዝርያውን በስሱ ቅብ ለዩ።

ቆጠራው እንዲህ ነው፦ 200 ነጭ ሴል እስክትቆጥሩ 100ና ከዚያ በላይ ፓራሳይት ካገኛችሁ እዚያ ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ እስከ 500 ነጭ ሴል ቀጥሉ። የፓራሳይቱን ቁጥር በነጭ ሴሉ አካፍላችሁ በ8,000 (በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ይኖራል ተብሎ በሚገመተው የነጭ ሴል ቁጥር) አባዙ። 40 ፓራሳይት ከ500 ነጭ ሴል ጋር ከተቆጠረ 640 ይሆናል። በእርግዝና ግን ነጭ የደም ሴል በተፈጥሮ ይጨምራል፤ የደም ቆጠራዋ 12,000 ካለ ትክክለኛው 960 ነው። ቆጠራው ካለ እሱን ተጠቀሙ። «አንድ መስቀል፣ ሁለት መስቀል» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ነገ ሲደገም መሻሏን ወይም መባሷን አይነግራችሁም።

ኔጌቲቭ ሆኖ ጥርጣሬው ካልለቀቀ

በየ12 እስከ 24 ሰዓት ስላይዱን ድገሙ፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ኔጌቲቭ ከሆነ ብቻ ወባን ወደ ኋላ አድርጉት። «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ከማለት በፊት ከየት እንደምትመጣና የሚያመጣት ሰው መኖሩን ጠይቁ፤ ከሩቅ ከሆነች ማሳደር ይሻላል። ፒሲአር ባለበት ሆስፒታል ጥቂቱን ፓራሳይት ሊያገኘው ይችላል፣ ግን በዕለቱ ስለማይደርስ ለዛሬ ውሳኔ አትጠብቁት።

በዚያው ጊዜ ሌላውን ትኩሳት ፈልጉ። ድሬዳዋ ላይ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ተነሥቶ ነበር፤ የሁለቱም ትንኝ እንደዚያችው በበርሜል ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ከወባ ጋር አብረው ሊገኙም ይችላሉ። ዴንጊ እስካልተወገደ ድረስ አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም አትስጡ፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሽንቷን መርምሩ፤ የኩላሊት ኢንፌክሽን በነፍሰ ጡር ላይ ከወባ የማይለይ ብርድና ማንቀጥቀጥ ያመጣል። የሽርት ውሃዋ ፈስሶ ከሆነ የማሕፀን ኢንፌክሽን አስቡ። የግርሻ ትኩሳት ባክቴሪያ በዚያው ስላይድ ላይ እንደ ተጠማዘዘ ክር ስለሚታይ አንባቢው ዓይኑን ይክፈት።

አንድ ጊዜ የተሠራ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ መሆኑ ታይፎይድ አለባት ማለት አይደለም። ወባ ራሱ ዊዳሉን ሊያነሣው ይችላል። በዚህ ወረቀት ምክንያት የታይፎይድ መድኃኒት ይዛ የምትሄድ የወባ ታማሚ ሦስትና አራት ቀን ታጣለች፤ ለፅንሱ ይህ ብዙ ነው።

ውጤት የማይጠበቅባት

ራሷን የሳተች ወይም የተዘባረቀች፣ ያንዘፈዘፋት፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ ቀና ብላ መቀመጥ ያቃታት፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቷ ያነሰ ወይም የጠቆረ፣ ከየትም የሚደማት፣ ሄሞግሎቢኗ ከ7 በታች የሆነ ሴት የምርመራ ውጤት እስኪደርስ አትጠብቅም። ደሟን ለስላይድና ለአርዲቲ ወስዳችሁ ወዲያው የደም ስኳሯን ለኩ። ከ40 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ግሉኮስ በደም ሥር ስጡ። ነፍሰ ጡር ስኳሯ ቶሎ ይወርዳል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ኩዊኒን ደግሞ ይህን ያባብሰዋል።

ከ20 ሳምንት በላይ ሆና ካንዘፈዘፋት «ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጣ» አትበሉ። የደም ግፊቷን ለኩ፣ የሽንት ፕሮቲን እዩ። ግፊቱ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንዘፍዘፍ) ማግኒዥየም ሰልፌት ጀምሩ፤ የወባውም ምርመራ ይቀጥል። ሁለቱ አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱን ማግኘት ሌላውን አያስቀርም።

ጽኑ ወባ ከተጠረጠረና ሪፈር የምትደረግ ከሆነ፣ ከመነሣቷ በፊት አርቴሱኔት በጡንቻ 2.4 ሚሊ ግራም በኪሎ ይሰጣት፤ በየትኛውም የእርግዝና ወር ይፈቀዳል። 60 ኪሎ ለምትመዝን 144 ሚሊ ግራም ነው፤ ባለ 60 ሚሊ ግራም ሦስት ብልቃጥ ይከፈታል፣ ለጡንቻ ሲበጠበጥ 7.2 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ለሁለት ጭን ይከፈል። በፊንጢጣ የሚሰጠው አርቴሱኔት ለትንንሽ ሕፃናት ነው። የሰጣችሁበትን ሰዓት ሪፈር ወረቀቷ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ቀጣዮቹ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ናቸው።

ፖዘቲቭ ከሆነ በኋላ

ያልጸና ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም አራት አራት ኪኒን፣ በስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ትወስዳለች። ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። ቫይቫክስ ከሆነ ክሎሮኩዊን ነው። ፕሪማኩዊን ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የፅንሱ ቀይ የደም ሴል ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ ቫይቫክሱ ከጉበት ተነሥቶ ሊመለስ እንደሚችል ንገሯት፣ በክትትል ካርዷም ላይ ጻፉት። በ3ኛው ቀን እና በ28ኛው ቀን ስላይድ ይደገም፤ አርዲቲ ለክትትል አይሆንም።

ምጥ ስትገባም ካርዷ ይነበብ። በእርግዝናዋ ወባ የነበረባት ሴት ስትወልድ ከእንግዴ ልጁ በእናቲቱ በኩል ካለው ገጽ ትንሽ ተቆርጦ ከሚወጣው ደም ስላይድ ሊሠራ ይችላል፤ የጣቷ ደም ንጹሕ ሆኖ እዚያ ፓራሳይት ከታየ እሷም ትታከም። ሕፃኑ ወዲያው ይመዘን። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ካተኮሰው፣ ከነጣ፣ ቢጫ ከሆነ ወይም ጡት ካልጠባ፣ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ያው 200 ሜዳ ይታይለት።